የገበሩ ኪስ

ኅዳር 6

ለልጄ አባት፣

እንደምን ሰነበትክ። እኛ ደህና ነን። ደህና ስልህ፣ ቁርስ በልተን ወጣን፣ ማታ ተመልሰን በራችንን ቆልፈን ተኛን ማለቴ ነው፤ ከዚያ በላይ አትጠብቅ። ልጅህ ሁለቱ የፊት ጥርሶቿ ወልቀው አፏን በእጇ ሸፍና ነው የምትስቀው። አባቴ ሲመጣ ይበቅላሉ ወይ ትለኛለች፤ እኔ ምን አውቄ።

የካፖርቶቹ እጅጌ ለምን አጠረ ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ጥፋቱ የኛ ነው። ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ውሃ ነክቶት መሰብሰብ ነበረበት። ጊዜ የለም ተብሎ እንዳለ ይቆረጣል፤ ከዚያ እናንተ ላይ ዝናብ ሲመታው ያጥራል። ለክፍሉ ኃላፊ ነግሬያት ነበር። «እጃቸውን አጠፍ አድርገው ይልበሱት» አለችኝና ሄደች። እኔ አርባ የስፌት መኪና በሚንጫጫበት ክፍል ውስጥ ኪስ ገጣሚ ነኝ፤ ስለ እጅጌ ማን ይሰማኛል።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ፌንጣ እላይ ኮረብታው ላይ ከአሥራ አንድ ሰው ጋር እንዳለና ከሥር መንገዱ እንደተዘጋበት ሰምቻለሁ። የነገረችኝ የጎኔዋ ናት፤ ከኔ አጠገብ ኮሌታ የምትሰፋዋ። ልጇ አንተ ጋ ስለሆነ ጽፎላታል። የሻለቃው አዛዥ ባሌ ሆኖ ሳለ የገዛ ወንድሜን ወሬ ከሰው አፍ መስማቴ ደስ አላለኝም።

መቼም ታውቀዋለህ። ፌንጣ ያልነው ከአጥር ሲዘል እግሩን ሰብሮ፣ ጀሶው ሳይፈታ ደግሞ ሊዘል ሲል ስለያዝነው ነው። እናታችን ስትሞት ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ከዚያ ወዲያ እናቱ እኔ ነኝ። አውርድልኝ። ሌላ ነገር ጠይቄህ አላውቅም።

በጥቅምት የላክሁለትን ካፖርት ይልበስ። በግራ ብብቱ በኩል ገበሩ ላይ ሌላው ካፖርት የሌለው ኪስ ገጥሜለታለሁ፤ ነገር ይጥላል ብዬ። ደብዳቤም ጨምሬበታለሁ። ምን እንዳልኩት የእኔና የእሱ ነው።

ፖስታውን እንደ ልማዴ በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ፤ የዘንድሮ ሙጫ አይይዝም።

ሚስትህ


ኅዳር 18

ለልጄ እናት፣

ይቅር በይኝ፣ ዘገየሁ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ አምስት ቀን ሆነው። በመጀመሪያው ቀን ፖስታሽን የምከፍትበት ምላጭ አጣሁ፤ በቀሩት አራት ቀናት ደግሞ የምመልስልሽ አጣሁ። ሰው ሁሉ ደብዳቤውን በምራቁ ሲያሽግ የኔዋ በመርፌ ነው። ወታደሮቹ የሻለቃው ደብዳቤ መጣ፣ ምላጭ አምጡ ይሉኛል።

አልነገርኩሽም፤ እውነት ነው። ብነግርሽ አውርደው ትዪኛለሽ ብዬ ነው። ይኸው አልሽኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኛ ምሽግ እስከ ኮረብታው ያለው ገላጣ ዳገት ነው፤ የሚደበቁበት ቁጥቋጦ እንኳ የለውም። በቀን ሰው ብልክ አሥራ ሁለቱን ለማውረድ ስልሳ እቀብራለሁ። በጨለማ እንዳልልክ መብራት ይተኩሱበታል። የቀረኝ ጉም ነው። የአካባቢው ሰዎች በታኅሣሥ መጀመሪያ ይወርዳል ይላሉ፤ ሲወርድ የራስህን እጅ አታይም አሉኝ። ያን ጊዜ በሸለቆው በኩል ራሳቸው ይመጣሉ። ለወንድምሽ በሬዲዮ ነግሬዋለሁ፦ ብስኩቱን ቆጥባችሁ ብሉ፣ አትተኩሱ፣ ቁጭ በሉ። «ጋሼ፣ ቁጭ ብዬ ቂጤ ደነዘዘ» አለኝ። ከስንት ቀን በኋላ ሳቅኩ።

መናኸሪያ ተቆጣጣሪ ሳለሁ ስንት ሹፌር ጮኾብኛል። መኪናዬ ሞልቷል፣ ልውጣ ይለኛል፤ ሰዓቱ አልደረሰም እለዋለሁ። ከፊቱ መንገዱ ላይ ምን እንዳለ እሱ አያውቅም፣ እኔ ጋ ግን ስልክ አለ። አሥራ ሁለት ዓመት እንዲህ ስል አንድም መኪናዬ አልተገለበጠም። ሌላ ሙያ የለኝም።

ባለፈው ሰዉ ምን ይላል ብዬ የጠየቅኩሽን ዘለልሽው። የሚሉትን ንገሪኝ፤ አልከፋም።

ባልሽ


ታኅሣሥ 1

ለልጄ አባት፣

አልከፋም ካልክ ልንገርህ፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። «ቁጭ በሉ» ነው የሚሉህ። ሻለቃ ቁጭ በሉ። ባለፈው ቅዳሜ ዳቦ ልገዛ ስሰለፍ ሥጋ ሻጩ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «እሷን እንኳ ወንበር ስጧት፣ መቀመጥ የቤታቸው ሙያ ነው» አለ። ሰልፉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ላድርግ። ያለቀስኩት ቤት ገብቼ ነው።

ያ ድልድዩ ላይ ከሰማንያ ሰው ጋር ያለቀው አዛዥ ፎቶው በክፍላችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀና ባልኩ ቁጥር ያየኛል። መልከ መልካም ነበር። የሰማንያዎቹ ፎቶ የለም፤ ግድግዳውም አይበቃቸው።

እውነቱን ስነግርህ፣ እኔም አፍሬብህ ነበር። ጥቅምት ላይ። ያኔ ቁጭ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳኝ አልነበረም፤ አንተም ስለ ካልሲ ነበር የምትጽፍልኝ። አሁን ግን ጠዋት ስነሳ መስኮት ከፍቼ ሰማዩን አያለሁ፣ እዚህ ጉም ቢወርድ እዚያም የሚወርድ ይመስል። ልጅህ ምን ታያለሽ ትለኛለች። ልብስ ላጥብ ነው እላታለሁ።

የጎኔዋ መኪናው ሲንጫጫ ጠብቃ በጆሮዬ፣ «ልጄን ቁጭ ያድርገው፤ እድሜ ልኩን ቁጭ ያድርገው» አለችኝ። ጮክ ብላ ግን አትለውም።

ፌንጣ ምን ይላል? በሬዲዮ ስታገኘው እህትህ ትልሃለች በለው፦ የጋሼህን ቃል ስማ።

ሚስትህ


ታኅሣሥ 16

ለልጄ እናት፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጉሙ ወርዷል። ኮረብታው ላይ የነበሩትም ወርደዋል። ወንድምሽ ሌላ ቦታ ተመድቧል። የት እንደሆነ መጻፍ አይፈቀድልኝም፤ ደብዳቤም ለጊዜው አይደርሰውም።

እዚህ ዋናው ጠላት ብርዱ ሆኗል። በጥይት ካጣሁት ሰው በብርድ የታመመብኝ ይበልጣል። ስለዚህ አንድ ትእዛዝ አውጥቻለሁ፦ ማንኛውም ካፖርት፣ የተቀደደም ደም የነካውም፣ አይጣልም፣ አይቃጠልም። ተሰብስቦ በማዳበሪያ ከረጢት ወደ ኋላ ይላካል፣ ተጠግኖ ይመለሳል። በፊት ወታደሩ የቀደደውን ምድጃ ውስጥ ይከተው ነበር። የመጋዘኑን ሹም በዚህ ጉዳይ ቀልድ እንደማላውቅ ነግሬዋለሁ።

የልጄ ጥርስ ብቅ አለ ወይ? ካልሲዎቹ ልክ ናቸው። አምስተኛው ጥንድ ተረከዙ ላይ ጠበብ ይላል እንጂ።

ባልሽ


ጥር 4

ለልጄ አባት፣

ወረዱ ያልከኝን ቀን የጎኔዋን አቅፌ ነው የነገርኳት። ለኃላፊዋም ነገርኩ። ሥጋ ሻጩ በር ላይ ሄጄ ሩብ ኪሎ ሥጋ ገዛሁ፤ ፍላጎቴ ሥጋው አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ ቀና ብዬ ሄድኩ።

ከዚያ ከረጢቶቹ መጡ። ጥገናው ለኛ ክፍል ነው የተሰጠው፤ ያንተ ትእዛዝ መሆኑን ኃላፊዋ አንብባልናለች። አሠራሩን ልንገርህ። ካፖርቱ ታጥቦ ይመጣል። ወደ ውስጥ እንገለብጠዋለን፣ ብርሃን ላይ ይዘን ቀዳዳውን እንፈልጋለን፣ በጠመኔ እናከብበዋለን። ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ ጥይት ነው፣ ሰፊ ከሆነ ሌላ ነው። መጀመሪያ ቀን ጠመኔውን አንዳችን ወደ አንዳችን ስንገፋ ዋልን። በሦስተኛው ቀን ለምደን ስለ ሽንኩርት መወደድ እናወራ ነበር። ሰው ሁሉን ይለምዳል።

በአራተኛው ቀን ጠረጴዛዬ ላይ አንድ ደህና ካፖርት መጣ። ክርኑ ትንሽ ከመላላጡ በቀር ቀዳዳ የለውም። ይሄ ደግሞ ምን ሊሠራ መጣ ብዬ ገለበጥኩት። በግራ ብብቱ በኩል ገበሩ ላይ ኪስ አለው።

እንዲህ ያለ ኪስ በዚህ አገር ካፖርት ሁሉ ውስጥ አንድ ብቻ ነው። የገጠምኩት እኔ ነኝ። የኪሱ አፍ በጥቁር ክር ተሰፍቶ ተዘግቷል፤ ሰፋፊ፣ የተንጋደደ ስፌት፣ ጫፉ ላይ ሦስት ጊዜ የተቋጠረ። እንዲያ የሚቋጥር አንድ ሰው አውቃለሁ፤ የሸሚዙን ቁልፍ ሲተክል አይቼዋለሁ። ፈትቼ እጄን ከተትኩ። ባዶ ነው።

ፌንጣ ካፖርቱን ጥሎ የት ተመደበ? በጥር ብርድ? ያለ ካፖርት የትም የማይበርደው ሰው አንድ ዓይነት ብቻ ነው። በአሥራ አራት ዓመት ትዳራችን ዋሽተኸኝ አታውቅም ነበር፤ ለዚያ ነው ያመንኩህ። አሁን ንገረኝ።

ሚስትህ


ጥር 14

ለልጄ እናት፣

ወንድምሽ ሞቷል። ታኅሣሥ 11 ቀን፣ ጠዋት፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ። ይህን በአፌ ልነግርሽ ነበር ያሰብኩት፤ እጄን ትከሻሽ ላይ አድርጌ። ቢያንስ ለራሴ የነገርኩት ምክንያት እሱ ነው።

ካፖርቱን ክፍሌ ውስጥ ምስማር ላይ ሰቅዬው ነበር። የመጋዘኑ ሹም የገዛ ትእዛዜን አክብሮ፣ እኔ ምሽግ ስዞር ከምስማሩ አውርዶ ከረጢት ውስጥ ከተተው። ስቆጣው ግራ ገባው፤ ቀልድ አላውቅም ብለውኝ ነበር እኮ አለኝ። ልክ ነው፣ ብዬዋለሁ።

የሆነውን ልንገርሽ። ጉሙ ማለዳ ወረደ። ሁላችሁም አንድ ላይ፣ ድምፅ ሳታሰሙ ውረዱ አልኳቸው። ጉሙ እስከ ቀትር ይቆያል ብዬ ነበር ያሰላሁት። ሁለት ሰዓት ላይ መሳሳት ጀመረ። እነሱ ሸለቆው መሃል ናቸው። ወንድምሽ በሬዲዮ፣ «ጋሼ፣ እየተገፈፈ ነው። አንድ ሰው እላይ ሆኖ ካላዘናጋቸው እዚሁ ነው የምናልቀው» አለኝ። ተኙ፣ ጠብቁ፣ ተመልሶ ይወርዳል አልኩት። «ካልተመለሰስ?» አለኝ። «እኔ መቀመጥ አልችልበትም፤ ያውቃሉ» አለና ሬዲዮውን ለሬዲዮ ሠራተኛው መለሰ። ሠራተኛው ትኩሳት ነበረበት፤ ወንድምሽ ለመሮጥ ይከብደኛል ብሎ የራሱን ካፖርት አለበሰው። ከዚያ ወደ ላይ ሮጠ።

አርባ ደቂቃ ተኮሰ። እዚህ ሦስት መቶ ሰው ጠመንጃውን ይዞ ፊቴን ያየኝ ነበር። እንሂድ አለ አንዱ። ሌላውም አለ። ቁጭ በሉ አልኳቸው። ተቀመጡ። ተኩሱ ሲቆምም እንደተቀመጡ ነበሩ።

አሥራ አንዱ ደህና ወረዱ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጉሙ ተመልሶ መጣ። ተኝተው ቢጠብቁ ኖሮ አሥራ ሁለቱም ይወርዱ ነበር ይሆናል። ወይም አንዳቸውም አይወርዱም ነበር። በየቀኑ አሰላዋለሁ፣ አይወጣልኝም። እሱ ልክ ነበር፣ እኔም ልክ ነበርኩ ብዬ ለመተኛት ሞክሬያለሁ። አልሠራም።

የኪሱን ነገር ጠይቀሽኛል። የሰፋሁት እኔ ነኝ። ውስጡ ምንም አልነበረም።

የበላዮቼ ኮረብታውን በየካቲት መጀመሪያ አስመልስ ብለው አዘውኛል። ገላጣውን ዳገት፣ በቀን። ሁለቴ አይሆንም ብያለሁ። ለሦስተኛው እሺ ልል ነው። እኔ ከፊት እሆናለሁ። ወንድምሽ እስካሁን እዚያው ነው፤ አላነሳነውም። ስሜም በዚያው ይነሳልኛል። ደክሞኛል።

ባልሽ


ጥር 21

ለልጄ አባት፣

አልቅሼ ጨርሼ አይደለም የምጽፍልህ፤ ካፖርት ጭኖ ወደ እናንተ የሚሄደው ሹፌር እየጠበቀኝ ነው። ፊደሉ ቢበላሽ ይቅር በለኝ።

ውስጡ ምንም አልነበረም አልክ። እንደገና ዋሸህ፤ የዚህኛው ምክንያት ግን ገብቶኛል። ከኪሱ ያወጣኸውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። «የኔ ሰውዬ ቁጭ ብሏል። አንተ እንኳ ቁምልኝ። አንገቴን አታስደፋኝ።» የዚያን ቀን ሥጋ ሻጩ ሌላ ነገር ብሎኝ ነበር፣ ምን እንደሆነ አሁን ትዝ እንኳ አይለኝም። ተናድጄ ጻፍኩ፣ ተናድጄ ሰፋሁ፣ ላክሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ የምለቅመው የለኝም።

ስለዚህ አንተ የጉሙን ሰዓት አታስላ። ወንድሜን ወደ ላይ ያስሮጠው የኔ ወረቀት ነው። አንተ ይህን አውቀህ፣ እኔ እንዳላውቅ ብለህ ኪሱን ሰፋህልኝ። ደግ ነህ። ደግነትህ ግን አሁን አይጠቅመኝም።

ትናንት የፌንጣን ፎቶ ይዘው ክፍላችን መጡ። ከድልድዩ አዛዥ ጎን ሰቀሉት፣ እህቱ አንድ ቃል ትናገር አሉ። ተነሳሁና፣ «ይህ ልጅ መቀመጥ አይችልበትም ነበር፤ ያሳደግኩት እኔ ነኝ» ብዬ ተቀመጥኩ። አጨበጨቡ። ሥጋ ሻጩም በመንገድ ሲያየኝ ከወንበሩ ተነስቶ ይሰግድልኛል። ስሰደብ ይሻለኝ ነበር።

አሁን ስማኝ። ኮረብታው የትም አይሄድም። ፌንጣም፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አሁን ብርዱ አይሰማውም። ሬሳ ለማንሳት ሬሳ አትጨምር። የጎኔዋ የኮረብታውን ወሬ ከልጇ ሰምታለች፤ ከሰማች ወዲህ ኮሌታ ገልብጣ ትሰፋለች፣ ኃላፊዋም አይታ እንዳላየች ታልፋታለች። የልጅህ ጥርስ አንዱ ብቅ ብሏል። ስም ብለህ የምትጨነቅበትን ነገር ደግሞ እኔ ዳቦ ሰልፍ ላይ ሳልሞት ተሸክሜዋለሁ፤ አሁንም እሸከመዋለሁ።

አንድ ጊዜ ቁም ብዬ ጻፍኩ፣ የሆነውን አየን። ይኸው ደግሞ እጽፋለሁ፦ ቁጭ በል።

ሚስትህ


ጥር 29

ለልጄ እናት፣

የሚከተለውን ቀስ ብለሽ አንብቢ፤ እስካሁን ከጻፍኩልሽ ሁሉ ይህን ብቻ ብታምኚኝ ይበቃኛል።

ወንድምሽ ደብዳቤሽን አላነበበውም።

የሬዲዮ ሠራተኛው ካፖርቱን ሲያመጣልኝ ነግሮኛል። ወንድምሽ ሲያለብሰው፣ «ኪሱ ውስጥ የእህቴ ደብዳቤ አለ። የእሷ ደብዳቤ ተግሣጽ ነው፤ ወርጄ ሲሞቀኝ አነበዋለሁ ብዬ ነው ያቆየሁት። ለጋሼ ስጠው» ብሎታል። ፖስታውን አብሬ ልኬልሻለሁ። እኔ ብዋሽሽ ስፌት አይዋሽሽም። ብርሃን ላይ ይዘሽ ቀዳዳዎቹን እዪ፤ መርፌ ያለፈበት አንድ ጊዜ ነው። በምላጭ የተቆረጠው ክር እኔ የቆረጥኩት ነው። ሌላ ሰው አልነካውም።

ወደ ላይ የሮጠው በራሱ እግር ነው። ከአጥር ሲዘልም ማንም ዝለል አላለውም ነበር።

ያነበብኩት እኔ ነኝ። የደበቅኩትም ላንቺ ብዬ አይደለም፤ ደግ ነህ ያልሽኝን መልሺው። ሥጋ ሻጩ ቢለኝ፣ ሰልፉ ቢለኝ አልከፋም ብዬሽ ነበር። የመጀመሪያዋ መስመር ላይ ግን «የኔ ሰውዬ» የሚለው የእጅ ጽሑፍሽ ነው። ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ አፍሬብህ ነበር ስትዪኝ አልፌው ነበር፣ በእጄ ስይዘው ግን አልቻልኩም። ከፍቶኝ መልሼ መክተት አቃተኝ፣ ማቃጠልም አቃተኝ፤ ባዶው ኪስ አፉን ከፍቶ ሲያየኝ ሰፋሁት። እሺ ልል የነበረውም ለዚያ ነው። ላንቺ ልቆምልሽ ነበር።

ቁጭ በል ያልሽኝ ሐሙስ ደረሰኝ። አርብ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ አይሆንም አልኳቸው። ቅዳሜ አነሱኝ። የተካኝ ሰው ዛሬ ገባ፤ ወጣት ነው፣ ጨዋ ነው፣ የድልድዩ አዛዥ ታናሽ ጓደኛ ነበር። ካርታውን አሳየሁት፣ ዳገቱን አሳየሁት። እስከ መጋቢት ብትጠብቅ ጉም ይመለሳል አልኩት። በአክብሮት ሰማኝ። ሦስት መቶ አሥራ አንድ ሰው ቆጥሬ አስረከብኩት፣ አንድ አልጎደለም። የጎንሽዋን ሴትዮ ልጅ ሰላም ብዬው ወጣሁ። እናቱን ምን እንደምትያት አላውቅም።

ካፖርቱን ለማንም አትስጪ። ኪሱን ግን እንደነበረው አድርገሽ ስፊው፤ የኔ ስፌት ያስጠላል።

ሰኞ በጠዋቱ መኪና እመጣለሁ። ሰዓቱ ሳይደርስ አይወጣም፣ ታውቂያለሽ። ቀድመሽ መጥተሽ ብርድ ላይ አትቁሚ።

ባልሽ